ከተማሪነት ወደ አሰልጣኝነት፦ በሐዋሳ የተከታተልሁት የቴኳንዶ ረዳት አሰልጣኞች ሥልጠና

በሐዋሳ ቴኳንዶ ለመማር የሚፈልግ ሰው የሚመዘገብበት ቦታ አያጣም። ጥቁር ቀበቶ ከታጠቀ በኋላ ማስተማርን ራሱን ለመማር የሚፈልግ ሰው ግን የሚሄድበት ቦታ እምብዛም አያገኝም፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንድ ቀን ዋናው አሰልጣኝ ሲዘገዩ ከፊት ለቆመው ወጣት «አንተ አሟሙቃቸው» ይባልና ከዚያች ዕለት ጀምሮ ወጣቱ አሰልጣኝ ሆኖ መቅረቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ልማድ ለመውጣት የሞከረ አንድ ሥልጠና ግምገማ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው ከፒያሳ በእግር በሚደረስበት አንድ የግል ማሰልጠኛ ሲሆን፣ ጥቁር ቀበቶ ያላቸውን ተማሪዎች በግማሽ ዓመት ውስጥ ለረዳት አሰልጣኝነት ያዘጋጃል። እኔም እዚያው ከነጭ ቀበቶ ጀምሬ ያደግሁ በመሆኔ ቤቱን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። የማሰልጠኛውን ስም ያልጠቀስሁት ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝና ቅሬታዬን ለኃላፊዎቹ በቀጥታ ስላቀረብሁ ነው፤ አንባቢ ግን እዚህ የሰፈረውን ይዞ የትኛውንም ማሰልጠኛ ሊመዝንበት ይችላል። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ የማስተማር ዘዴው ክፍል እጅግ ጥሩ ነው፤ የደኅንነቱ ክፍል መልካም ሆኖ ጉድለት አለበት፤ የአስተዳደሩ ክፍል ግን ብዙ ይቀረዋል።

ማሰልጠኛው የሚከተለው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 እ.ኤ.አ. የመሠረቱትን የዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ የአይቲኤፍን ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ያለ ሰው ረዳት አሰልጣኝ፣ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ዳን ያለ አሰልጣኝ፣ 7ኛና 8ኛ ዳን ያለው ማስተር፣ 9ኛ ዳን ያለው ደግሞ ግራንድ ማስተር ይባላል። ልብሱም ይህንኑ ያሳያል፤ ከ4ኛ ዳን ጀምሮ በእጅጌውና በሱሪው ጎን ጥቁር መስመር ይወርዳል፣ ከዚያ በታች ያለ ባለ ጥቁር ቀበቶ ግን ጥቁሩ ጥለት ያለው በዶቦኩ (በቴኳንዶ ልብሱ) የታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ክፍል ከፍቶ ማስተማር ይችላል የሚለው የሰፈር ወሬ በሥርዓቱ በራሱ ተቀባይነት የለውም። ሥልጠናውን ከወደድሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነገር በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነገሩ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ማንም ሊማረው ይገባል ብሎ በማያስበው ነገር ነው፤ ፊትን ወደ ተማሪ አዙሮ በመቆም። ተማሪ ሳለን የምንከተለው ከፊታችን የቆመውን የባለ ከፍተኛ ቀበቶ ጀርባ ነበር፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን የአሰልጣኙ ቀኝ የተማሪው ግራ ይሆናል። በግራ እግር የሚጀመረውን እንቅስቃሴ በግራ እግሩ የሚያሳይ ረዳት፣ ነጭ ቀበቶዎቹን ግማሹን ወደዚህ ግማሹን ወደዚያ ይበትናቸዋል። ስለዚህ ሰልጣኙ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ለዓመታት ሰውነቱ የለመደውን ሁሉ ገልብጦ፣ በአፉ «ግራ» እያለ በቀኙ መሥራትን በመለማመድ ነው። ባለ ሁለተኛ ዳን የሆኑ፣ በውድድር ሜዳልያ ያገኙ ጓደኞቼ በዚህ ልምምድ ሲደናገሩ አይቻለሁ፤ ችሎታቸው እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን በእግራቸው እንጂ በአንደበታቸው አልነበረም። ከዚሁ ጋር መቼ ፊትን መቼ ጀርባን ማዞር እንደሚገባ እንማራለን፤ ምት በሚሠራበት ጊዜ ፊት ለፊት መቆም ይሻላል፣ ምክንያቱም የተማሪው ጉልበትና ዓይን መታየት አለበት፤ መዞር ያለበት ፓተርን (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች) ሲጀመር ግን ጀርባን ሰጥቶ አብሮ መዞር ለጀማሪው ይቀለዋል።

ከዚያ የሚቀጥለው ቆጠራ ነው፤ በእኔ እምነት የዚህ ሥልጠና ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት እያለ በኮሪያኛ እስከ ዐሥር መቁጠር ነጭ ቀበቶ ያለ ሕፃንም ያውቃል። ነገር ግን የክፍሉ ጥራት የሚወሰነው ቆጠራው በሚሄድበት ፍጥነት መሆኑን ተማሪ ሆኜ ሳለሁ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ቆጣሪው ከቸኮለ ተማሪው የመታበትን እግር ሳያጥፍ ይጥለዋል፣ እጁን ወደ ወገቡ ሳይመልስ ሁለተኛውን ቡጢ ይወረውራል፤ እንዲህ አድርጎ ወራትን ከሠራ በኋላ ስሕተቱ ልማድ ይሆንና ለማረም ሌላ ዓመት ይፈልጋል። ቆጣሪው ደግሞ ያለ ምክንያት ከዘገየ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ሕፃናቱም ወሬ ይጀምራሉ። ለዚህ የተዘጋጀው ልምምድ ቀላልና ብልህ ነው። ሰልጣኙ ከፊት ሆኖ ይቆጥራል፤ ዋናው አሰልጣኝ ከክፍሉ ኋላ ቆመው የተማሪዎቹን እግር ብቻ ይመለከታሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡት እግራቸው መሬት ሳይነካ የሚቀጥለው ቁጥር ከተጠራ እጃቸውን ያነሣሉ። ንግግርም ወቀሳም የለም። እጃቸው ሳይነሣ አንድ ሙሉ ክፍል ማስቆጠር የቻለ ሰልጣኝ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሸጋገራል። በዚህ ልምምድ ውስጥ ያለፈ ሰው ዓይኑ ከራሱ ሰውነት ተነሥቶ ወደ ተማሪው ሰውነት ይዛወራል፤ ሌላው የሥልጠናው ክፍል ሁሉ የቆመውም በዚህ ላይ ነው።

እርማትን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ለአንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነገራል። ዶልዮ ቻጊ (የዙር ምት) የሚሠራ ሰማያዊ ቀበቶ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ እጁ ወርዶ፣ የቆመበት እግር ሳይዞር ቢታይ፣ አዲስ ረዳት ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይነግረዋል፤ ልጁም አንዱንም ሳይዝ ይቀራል። የምንማረው ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀድም መምረጥን ነው። መልሱ የቆመው እግር ነው፤ እግሩ ሳይዞር ዳሌው ከዞረ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነውና ከማማር በፊት ጤና ይቀድማል፤ ደግሞም እግሩ ሲዞር ዳሌው ይከፈትና የተነሣው ጉልበት ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ይስተካከላል። እንዲህ ያለውን የቅደም ተከተል እውቀት በራሴ ልምምድ ብቻ መቼም አላገኘውም ነበር። ተማሪን በእጅ ነክቶ ማረምም የራሱ ደንብ አለው፤ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይነካም፣ በተቻለ መጠን በቃልና በማሳየት ይታረማል፣ ዳሌንና ወገብን ለማስተካከል ደግሞ ፓድ ወይም ቀበቶ ይዞ ተማሪው ራሱ ወደዚያ እንዲደርስ ይደረጋል። ለወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በከተማችን ያሉ ማሰልጠኛዎች ሁሉ ሊከተሉት ይገባል እላለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ሰልጣኙ ቴኳንዶ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ቾንጂን እንዲያስተምር ማድረግ ነው። ቾንጂ ከ24ቱ የአይቲኤፍ ፓተርኖች የመጀመሪያው ሲሆን 19 እንቅስቃሴዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ የታች መከላከልና ቡጢ በአራት አቅጣጫ ናቸው፤ ቀጣዮቹ ስምንቱ የመካከል መከላከልና ቡጢ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ ቡጢዎች ደግሞ አንዱ ወደ ፊት በመራመድ፣ ሁለቱ ወደ ኋላ በማፈግፈግ ይሠራሉ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንሠራዋለን። ለእኔ የደረሰችኝ ተማሪ ልጇን ለመውሰድ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንቅስቃሴዎች ያለ ችግር ሠራች፤ ሦስተኛው ላይ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ ወደ ኋላ መመለስ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ጀማሪ ሁሉ እንደሚጠፋው ጠፋች። በሥልጠናው የተማርሁት ከእጅ በፊት እግርን መንገር ነበር፤ በመሬት ላይ የፓተርኑን የመስቀል ቅርጽ በኖራ አሰመርሁና «እጅዎን ይተዉት፣ ቀኝ እግርዎ ብቻ ወደዚያኛው ጫፍ ይሂድ» አልኋት። እግሯ ከተስተካከለ በኋላ እጇን ጨመርን። ፈታኞቹ የሚመዝኑት የተማሪውን ውበት ሳይሆን ሲሳሳት ሰልጣኙ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር የሚደግም ሰው ይወድቃል፣ ሌላ መንገድ የሚፈልግ ያልፋል። ከእኛ መካከል ፓተርኑን ከሁሉ አሳምሮ የሚሠራው ወጣት በዚህ ፈተና ሁለተኛ ዕድል እንዲሞክር ተነግሮታል፤ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ እሱም ተቀብሎታል።

የሐዋሳ የማታ ክፍል የራሱ ባሕርይ አለው። በአንድ ሰልፍ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የወጣች ሠራተኛ፣ የባጃጅ አሽከርካሪና ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አባት ይቆማሉ። ሰልፉ በቀበቶ ደረጃ እንጂ በዕድሜ አይደለም፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት ያልሞላው ረዳት ከአባቱ የሚበልጡ ነጭ ቀበቶ አዛውንትን ማዘዝ ይኖርበታል። እንዴት ያዛል? አንዳንዱ ያፍርና ሳያርማቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ሥልጣን ያገኘ መስሎት «ቁም፣ አንሣ» ይላል። ዋናው አሰልጣኝ ያስተማሩን ለሁሉም እኩል የሚደርሱት ትእዛዞች፣ ቻሪዮት (ተጠንቀቅ)፣ ጁንቢ (ተዘጋጅ)፣ ሺጃክ (ጀምር)፣ ባሮ (ወደ መነሻው ተመለስ)፣ በኮሪያኛ እንዲሆኑ፣ ለአንድ ሰው የሚነገረው እርማት ግን ለታላላቆች በአንቱታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከጎናቸው ቀርቦ እንዲነገር ነው። እሳቸው ራሳቸው ሲያርሙ «ጋሼ፣ ተረከዝዎን ትንሽ ወደ ውስጥ ያስገቡልኝ» ነው የሚሉት። በአንጻሩ ትናንት አብሮን ሲሠራ የነበረ ጓደኛ ዛሬ ተሰልፎ ሲሰግድልን ያለው ነገር ከዚህም የከበደ ነበር። ጓደኝነቱ ከበር ውጭ እንደነበረ ይቀጥላል፣ በክፍል ውስጥ ግን ለእሱ ብለን ቆጠራውን አናዘገይም፣ የፈተና ዝግጅቱንም አናቀልለትም፤ ይህን በአንድ ንግግር ብቻ ሊያስተምሩት አልሞከሩም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በሚደረገው ውይይት ላይ የየራሳችንን ገጠመኝ እያነሣን ቀስ በቀስ ተረድተነዋል።

የሕፃናቱ ክፍል ላይ አንድ ያልታሰበበት ነገር አለ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በቤታቸው ሲዳምኛ ይናገራሉ፤ ወላይትኛ የሚናገሩም አሉ። ትንንሾቹ ረዥም የአማርኛ ማብራሪያ ሲበዛባቸው ዓይናቸው ይፈዛል፤ ከእኛ ጋር የሠለጠነች አንዲት ጓደኛችን ግን ሁለት ቃል በሲዳምኛ ጣል ስታደርግ ክፍሉ ይነቃል። ይህ በዕድል የተገኘ ነው እንጂ በሥልጠናው ውስጥ የለም። ለረዳት አሰልጣኞች በየቋንቋው መሠረታዊ የሆኑ ጥቂት ቃላትን፣ ለምሳሌ አሞሃል ወይ፣ ቆይ፣ በርታ፣ ውኃ ጠጣ የሚሉትን፣ ማስያዝ ወጪ የለውም፤ ልጅ ሲጎዳ ደግሞ መጀመሪያ የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ወደ ደኅንነቱ ስመጣ የምስጋናዬ መጠን ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም። በማሟሟቂያ ጊዜ የቀዘቀዘ ሰውነትን በኃይል መለጠጥ ተከልክሏል፤ ረዳት በተማሪ ጀርባ ላይ ተጭኖ እግር ማስከፈት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ባዶ አየር ላይ በሙሉ ኃይል መምታት፣ በተለይ ገና በማደግ ላይ ላሉ ልጆች፣ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተቆልፎ እንዳይጎዳ ይገደባል። ስፓሪንግ (የሁለት ሰው የልምምድ ፍልሚያ) በዕድሜና በክብደት ተመጣጥኖ ይጣመራል፣ የጥርስ መከላከያ የሌለው አይገባም። ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ ደኅና ነኝ ቢልም ያን ቀን ወደ ስፓሪንግ አይመለስም፤ ለወላጁ ይነገራል፤ ማስታወክ፣ የበረታ ራስ ምታት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየበት ወደ ጤና ተቋም ይላካል። ይህ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ተምረነዋል። የጎደለው ተግባሩ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ በአንድ የጤና ባለሙያ ገለጻ ብቻ ተሰጥቶ አልፏል፤ ፋሻ ያጠቀለለ፣ የወለቀ ጣት ሲያጋጥም ምን ማድረግ እንደሌለበት በተግባር የተለማመደ ማንም የለም። ወለሉም ቢሆን ከቀጭን ምንጣፍ በታች ሲሚንቶ ነው፤ በዝላይ ምት ጊዜ ይህ ለተረከዝና ለጉልበት ከባድ ነው። ተማሪ ሳለሁ የምጠነቀቀው ለራሴ ጉልበት ነበር፤ አሁን በእኔ ቆጠራ የሚዘልሉ ሃያ ጥንድ ጉልበቶች አሉ፤ ስለዚህ ይህን ቅሬታ ቀለል አድርጌ ልጽፈው አልችልም።

ወላጆች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ከተሳተፈ ወዲህ «ልጄ እዚህ ቢማር ኦሎምፒክ ይደርሳል?» ይላሉ። ረዳቱ እውነቱን መመለስ እንዲችል ሥልጠናው የታሪክ ክፍል አለው። ከ2000 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ውድድር ጀምሮ በኦሎምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ቴኳንዶ የሚካሄደው በ1973 እ.ኤ.አ. በተመሠረተውና አሁን ወርልድ ቴኳንዶ በሚባለው ድርጅት ደንብ ነው፤ የእነሱ የዳን ማረጋገጫ የሚወጣው በሴኡል ካለው ኩኪዎን ነው፤ ፓተርኖቹም የነጥብ አያያዙም ከእኛ ይለያል። የአይቲኤፍ ተማሪ ወደዚያ መሻገር ቢፈልግ ብዙ ነገር እንደ አዲስ ይማራል። ማሰልጠኛው ተማሪ ላለማጣት ብሎ ይህን እንድንሸፋፍን አለመጠየቁን አከብርለታለሁ።

በዚህ ልክ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ብዬ የምመኘው የራሱን የምስክር ወረቀት ጉዳይ ነው። በማስታወቂያው ላይ ሥልጠናውን የጨረሰ «አሰልጣኝ ይሆናል» ተብሎ ተጽፏል። የሚሰጠው ወረቀት ግን የቤቱ የራሱ ነው፤ ዳንን የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፉ ድርጅት የሚሰጠው ሰነድ ነው፤ ያም ቢሆን ጄኔራል ቾይ በ2002 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ የአይቲኤፍን ስም ይዘው የሚንቀሳቀሱ ከአንድ በላይ ድርጅቶች ስላሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላ ከተማ ሄዶ በዚህ ወረቀት ክፍል ሊከፍት የሚያስብ ወጣት ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ክፍያውን በተመለከተ ሥልጠናው ውድ አይደለም። የሚከብደው ሰልጣኙ በግማሽ ዓመቱ ውስጥ የሕፃናቱን ክፍል ያለ ምንም አበል ማገዙ፣ ከዚያም በኋላ አገልግሎቱ ምን ያህል ጊዜ በነጻ እንደሚቀጥል በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር አለመኖሩ ነው። የልምምድ ጊዜ ያለ ክፍያ ቢሆን አልቃወምም፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን መታወቅ አለበት። እንዲሁም የማታው ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በመሆኑ ከመሐል ከተማ ርቀው የሚኖሩ ሴት ሰልጣኞች ለባጃጅ ኮንትራት ይከፍላሉ፤ አንዷ ጎበዝ ጓደኛችን በዚህ ምክንያት አቋርጣለች። የሴት ተማሪዎቹን ቁጥር እያየሁ ሳስበው፣ ማሰልጠኛው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ሰው ያጣው በአንድ ሰዓት ልዩነት ነው።

የራስ ልምምድ ጉዳይም አለ። ረዳት የሆነ ሰው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆሞ ላቡ ሳይወጣ ሊመለስ ይችላል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ምቱ ይከብዳል፣ ትንፋሹ ያጥራል። ቤቱ ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ቅዳሜ ጠዋት ለረዳቶች ብቻ የሚሰጥ ክፍል ነው፤ እዚያ ቆጣሪው ዋናው አሰልጣኝ ናቸው፣ እኛ ደግሞ እንደ ድሮው ተማሪዎች ነን። በውድድር ላይ ላለ ሰው ይህ ብቻውን አይበቃውም፤ ለውድድር እየተዘጋጀ ያለ ሰው ሥልጠናውን ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው እመክራለሁ። ለሌላው፣ በተለይ ጥቁር ቀበቶ ከታጠቀ አንድ ዓመት ላለፈውና ልጆችን ለሚወድ ሰው፣ ካሉት ጉድለቶች ጋር ቢሆንም እንዲገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለመመዝገብ የሚፈልግ ሰው የዳን ሰነዱን ቅጂና ከዋናው አሰልጣኝ ጋር የሚደረግ አጭር ቃለ ምልልስ ያስፈልገዋል። ማሰልጠኛው ከምዝገባ በፊት አንድ የሕፃናት ክፍል ተቀምጦ ማየትን ይፈቅዳል፤ የሚመለከተው ሰው ረዳቶቹ ምን ያህል ከፍ አድርገው እንደሚመቱ ሳይሆን አንድ ልጅ ሲሳሳት ምን እንደሚሉት ያዳምጥ፣ ከዚያም የነጻ አገልግሎቱ መጠን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። እኔ በሕፃናቱ ክፍል መርዳቴን ቀጥያለሁ፤ ስለ አበሉና ስለ ወለሉ ያቀረብሁት ጥያቄ በሚቀጥለው የአሰልጣኞች ስብሰባ ላይ እንደሚታይ ተነግሮኛል።